ችኩል ቦሎቄ

አናጢው ትዳር ሲይዝ ስለ እርሻ የሚያውቀው ነገር ቢኖር የአካፋና የመቆፈሪያ እጀታ ማበጀት ብቻ ነበር። መሬቱ የሚስቱ ነው፣ ከአባቷ የወረሰችው። እሱ በከተማው መግቢያ ላይ፣ ከእኔ ወፍጮ ቤት ጎን ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ በርና መስኮት ይሠራ ነበር። ግድግዳችን አንድ በመሆኑ የእኔ ሞተር ሲነሳ የእሱ ሚስማሮች በየጣሳቸው ውስጥ ይጨፍራሉ። «አንተ ወፍጮ፣ ዛሬም ሚስማሮቼን ሰርግ ጠራሃቸው?» ይለኛል ግድግዳውን በመዶሻው መታ መታ አድርጎ። ከዚህ ቀጥሎ የምነግራችሁን ግማሹን በዓይኔ ያየሁት ነው፤ ግማሹን ደግሞ ሞተሩ ሲጠፋና ዱቄቱ ሲረጋ ደጃፌ ላይ ተቀምጦ ራሱ ያጫወተኝ ነው።

ያጫወተኝ አልኩ እንጂ ብዙ የሚያወራ ሰው አይደለም። ከደንበኛ ጋር ሲነጋገር እንኳ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አውርዶ ጣውላው ላይ ይስላል እንጂ በአፉ አያብራራም። ሚስቱ የእሱንም ድርሻ ጨምራ የምታወራ ሴት ነበረች። «ችኩል» ነበር የምንላት፤ ስሙን ራሷም ወዳው ነበር። ሻይ ሳይበርድ ጠጥታ ምላሷን የምታቃጥል፣ ጥያቄው ሳያልቅ መልሱን የምትሰጥ፣ ልታስፈጭ ስትመጣ ገና ሞተሩን ሳላስነሳ «አልደረሰም እንዴ?» የምትል ሴት። የጋብቻውን ጉዳይ ያነሳችውም እሷ ናት። አናጢው የአባቷን ቤት በር ሊገጥም ሄዶ፣ ሥራው ካለቀም በኋላ ማጠፊያውን ዘይት ልቀባ፣ ቁልፉን ልሞክር እያለ ሲመላለስ አንድ ቀን በሩ ላይ ጠበቀችው።

«ስማ አንተ ሰውዬ፣ ይሄ በር እኮ ካለቀ ቆየ። የምትለው ካለህ በል፤ ከሌለህ እኔ ልበልና እንገላገል» አለችው።

እሱም አንገቱን ደፍቶ፣ «በይ» አላት። እንዲህ ነው የተጋቡት።

አናጢው ወደ ትዳሩ ብቻውን አልመጣም። እናትና አባቱ በሕፃንነቷ ጥለዋት የሞቱ ታናሽ እህት ነበረችው፤ የሚያሳድጋት እሱ ነው። ችኩል ልጅቱን «የእኔ ናት» ብላ ተቀበለቻት። ጠዋት ጠዋት ለትምህርት ቤት ጸጉሯን ስታበጥራት እስከ እኛ ድረስ «ኧረ እትዬ ቀስ!» የሚል ጩኸት ይሰማ ነበር። «ቀስ ካልኩ ደወሉ ይደወልብሻል፣ ዝም በይ!» ትላታለች ችኩል። ልጅቱ አድጋ፣ ትምህርቷን ጨርሳ፣ ራቅ ባለ ከተማ በሰብል ምርምር ጣቢያ የበሽታ መርማሪ ስትሆን፣ ከባሏም ከልጅቱም በላይ በከተማው እየዞረች ያወራችው ችኩል ነበረች። «የእኛ ልጅ የቅጠል ሐኪም ሆነች» አለች፤ ያልሰማ ሰው አልቀረም።

ቦሎቄው የመጣው ልጅቱ ገና ትንሽ ሳለች፣ በአንድ ክፉ ዓመት ነው። ዝናቡ ገና አበባው ላይ እያለ ቀጥ አለ። በየእርሻው የተዘራው ቦሎቄ ፍሬ ሳይቋጥር ቆሞ ደረቀ። ችኩል ግን የራሷን እርሻ ከዳር እስከ ዳር ስትዞር ከሌሎቹ ቀድማ አብባ፣ ቀድማ አፍርታ፣ ድርቁ ሳይደርስባት የጨረሰች አንዲት ተክል አገኘች። ፍሬ የያዙት ቆባዎቿ ደርቀው ይንኮሻኮሹ ነበር። ሻሿን ፈትታ ቋጠረቻቸው። ፍሬዋ ነጣ ያለች ሆና እምብርቷ ላይ ቀይ ጠብታ አለባት።

በሚቀጥለው ዓመት ለብቻዋ ዘራቻት። በቀጠለውም እንዲሁ። በየዓመቱ ቀድሞ የደረሰውን ብቻ እየለየች፣ የቀረውን ለምግብ እያዋለች ቆየች። አናጢውም ቀስ በቀስ ከጣውላው ወደ አፈሩ ተሳበ፤ እሷ ትናገራለች፣ እሱ ይቆፍራል። ጥቂት ዓመት ሲያልፍ ያቺ አንዲት ተክል እርሻ ሙሉ ሆነች። ዝናብ ባጠረ ቁጥር የሌላው ሲከስር የእነሱ ፍሬ ይይዛል። ሰው ማየት ጀመረ፣ ከዚያም መጠየቅ። ችኩል ስትሰጥ አይታችኋት ቢሆን! በሁለት እጇ እየዘገነች፣ ሰውየው መያዣ ሳያዘጋጅ ኪሱ ውስጥ ትጨምርለታለች። ለእኔም ሰጥታኛለች። ቦሎቄዋን ሁላችንም በእሷ ስም «ችኩል» አልናት። ገበያ ላይ ሳይቀር «ችኩል አለሽ?» ይባባሉ ጀመር።

ልጅ አልነበራቸውም። ሐኪም ቤት ሄደው ነበር፣ አልሆነም። ሥራ የፈታ ሰው ሁሉ ይህን እያነሳ ሲያስቸግራት እርሻውን ታሳየውና «ልጄ ይኸው፤ እኔን መስላ ትወለዳለች፣ በየዓመቱም ትወለዳለች። የአንተ ስንቴ ተወለደ?» ትላለች። ሳቅ ይሆናል። አናጢው ግን በዚህ ሲስቅ አይቼው አላውቅም፤ ሌላ ነገር ፈልጎ ያጣ መስሎ እጁን ኪሱ ከትቶ ዘወር ይላል።

የሞተችው በዘር ወቅት ነው። እርሻው ግማሹ ተዘርቶ ግማሹ ሲቀር ጎኗን ያዘችና ተቀመጠች። «ሂጂ ሐኪም ቤት» አላት ባሏ። «ይሄን መስመር ልጨርስ» አለች። ማታም «ነገ» አለች። በሕይወቷ ያልቸኮለችበት ነገር ቢኖር ይሄ ነው። በማግስቱ በእኔ ጭነት መኪና ሆስፒታል ስናደርሳት ትርፍ አንጀቷ ፈንድቶ ነበር። ቀዶ ጥገና ገባች፤ በሕይወት አልወጣችም።

ከለቅሶው በኋላ አናጢው የሥራ ቤቱን ሳይከፍት ከረመ። ሚስማሮቹ ሲጨፍሩ ግድግዳውን የሚመታ ጠፋ። አንድ ጠዋት እርሻው ላይ አየሁት፤ እሷ ካቆመችበት መስመር ጀምሮ የቀረውን ግማሽ እየዘራ ነበር። የእሷ ግማሽ በቅሎ ሁለት ቅጠል አውጥቷል። የእሱ ገና አፈር ነው። ልረዳው ብዬ ገባሁ፤ በእጁ ከለከለኝ።

ከዚያ ወዲያ ለዓመታት የኖረው በዚያ ቦሎቄ ነው ብል አላጋነንኩም። ምርት ሲገባ እሷ እንደምታደርገው ቀድሞ የደረሰውን ይለያል። ሲለምኑት እንደ እሷ በሁለት እጁ ይዘግናል፣ አፉ ግን ዝም ነው። አንዳንዴ ደጃፌ ላይ ተቀምጦ «ዘንድሮ ቸኮለች» ይለኛል። ስለ ቦሎቄዋ ይሁን ስለ ሚስቱ አይታወቅም፤ ጠይቄውም አላውቅም።

በሽታው ሲመጣ ማንም በሽታ አላለውም። ቅጠሉ እዚህም እዚያም ነጣ ጠቆር እያለ ዥጉርጉር ሆነ። ጫፉ ወደ ታች እየተጠቀለለ መሸብሸብ ያዘ። አናጢው ፀሐይ ነው አለ። በቀጠለው ዓመት ብዙው ተክል ከጉልበት በታች ቀረ፤ ቆባው ጠማማ ሆኖ ውስጡ አንድ ሁለት የጨነበሰ ፍሬ ብቻ ሆነ። እኔ አዋቂው ከቅጠሉ ሥር ተጣብቀው የሚመጡትን ጥቃቅን ተባዮች፣ ክሽክሾቹን አሳየሁትና «ይሄው ጠላትህ! ርጭባቸው» አልኩት። ረጨ። ክሽክሾቹ እንደ አቧራ ረገፉ፣ ቅጠሉ ግን እንደተሸበሸበ ቀረ። አዲስ የሚያወጣውም ቅጠል ያንኑ ዥጉርጉር ይዞ ይወጣል። ብዙም ሳይቆይ የእኔም፣ ላሞች ስላሉት ባለ ላሞቹ የምንለው የጎረቤቱም፣ ችኩልን የዘራ ሰው ሁሉ እርሻ እንዲያ ሆነ።

ያኔ ነው እህቱን የጠራት።

በማለዳው አውቶቡስ መጣች። የሥራ ልብሷን እንደለበሰች፣ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ፣ ቀጥታ ወደ እርሻው ነው የሄደችው። እኔም ተከተልኩ። አንድ ቅጠል ገልብጣ አየች። ሌላ አየች። መስመሩን ይዛ እስከ ጫፍ ሄደችና ተመለሰች። በልጅነቷ አንድ ነገር ሰብራ ስትደብቅ የምታሳየው ዓይነት ፊት ነበር ፊቷ።

«ምንድነው እታለም?» አላት።

«ወስጄ ልመርምረው ጋሼ። አሁን ምንም አልልም።»

«አውቀሽዋል እኮ።»

«ልመርምረው አልኩህ» አለችና ቅጠሎቹን በየላስቲካቸው ከታ ቦርሳዋን ዘጋች።

ውጤቱን በስልክ ልትነግረው ትችል ነበር። ግን ራሷ ተመልሳ መጣች፤ ሳያት ነገሩ ገባኝ። አናጢው መስኮት እየላገ ነበር። መላጊያውን ሳያስቀምጥ ቆሞ ጠበቃት።

«ቫይረስ ነው ጋሼ። በዓይን አይታይም። ክሽክሾቹ ከታመመው መጥጠው ጤነኛው ላይ ሲያርፉ ያጋቡታል።»

«ክሽክሹን እኮ ረጭቼ ጨረስኩት።»

«ክሽክሹ ቢያልቅም ቫይረሱ ዘሩ ውስጥ ገብቷል። ፍሬው ከላይ ሲታይ ምንም የለበትም፤ ስትዘራው ግን በሽታውን ይዞ ነው የሚበቅለው።»

«መድኃኒቱስ?»

«የለውም።»

መላጊያውን አስቀመጠ። ከጣውላው ላይ የእንጨት ልጣጭ አንስቶ በጣቱ እየጠቀለለ ቆየ። ከዚያ የጠየቃት ነገር እስካሁን አንጀቴን ይበላዋል።

«እሷም… በዚህ ነው እንዴ የሞተችው? ስትበላው ኖራ?»

ልጅቱ ፊቷ ተለዋወጠ። ሮጣ ክንዱን ያዘችው። «አይደለም ጋሼ! አይደለም። ሰው አይነካም። እኔም በልቼው አይደል ያደግኩት? እትዬ የሞተችው በሌላ ነው። ቦሎቄው ምንም አላደረጋትም።»

«እሺ» አለ። «እሺ። እንግዲያው ምን ይደረግ?»

«እርሻ ላይ ያለው ችኩል በሙሉ መነቀል አለበት። የሁሉም ሰው። በየቤቱ የተቀመጠው ይበላ፤ መዘራት ግን የለበትም። አለበለዚያ ወደ ሌላውም ቦሎቄ ይዛመታል።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም ጋሼ።»

ለሰው መናገሩ የግድ ስለነበር በማግስቱ የወፍጮ ቤቴ ግቢ ውስጥ ተሰበሰብን። ልጅቱ በቀላል ቋንቋ አስረዳች፤ በምትኩ ይህን ቫይረስ የሚቋቋም ሌላ ዘር ከጣቢያው እንደምታስመጣም ተናገረች። ሰው አጉረመረመ፤ አበባ ላይ የደረሰ ሰብል ንቀል መባል ቀላል ነገር አይደለም። ባለ ላሞቹ ተነስቶ፣ «እንግዲህ ሟቿ ናታ በሽታ ያስታቀፈችን! ቸርነት ነው ብለን ስንመርቃት ኖረናል» አለ።

አናጢው ከኋላ፣ ሚዛኑ አጠገብ ነበር የቆመው። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሲናገር የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«እሷ ስትሰጥህ ጤነኛ ነበረ። እኔ ከሰጠሁህ በኋላ ነው የታመመው። የምትሰድበው ካለ እኔ አለሁልህ፤ እሷን ግን ተዋት። ነገ ጠዋት የእኔን እነቅላለሁ። የፈለገ አይቶ ይንቀል።»

ጠዋት ስደርስ ጀምሯል። ያን ቀን አልከለከለኝም። እህቱም ሱሪዋን ጠቅልላ ገባች። እርጥብ ተክል ሲነቀል ከአፈሩ ጋር የሚላቀቅበት ድምፅ አለው፤ ጨርቅ ሲቀደድ እንደሚሰማው ነው። ያ ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማው። አበባው ነጭ ነው፤ ከታመመውም ላይ አምሮ ነበር። አናጢው ሲነቅል አይጥልም፤ ወስዶ ያስቀምጠዋል። በመጨረሻ ክምሩ ሲደርቅ እሳት የለኮሰውም እሱ ነው። በቀጠሉት ቀናት ከሌላውም እርሻ ጭስ መነሳት ጀመረ። ባለ ላሞቹም ነቀለ።

እህቱ ከመሄዷ በፊት አንድ ነገር ነገረችው፤ ባትነግረው ይሻል እንደነበር አሁንም አላውቅም። ቫይረሱ ያለበት ተክል ፍሬ ሁሉ የታመመ ላይሆን ይችላል፤ መሃል መሃል ያመለጠ ይኖራል። ጣቢያው ውስጥ በመረብ በታጠረ ክፍል ተዘርቶ እያንዳንዱ ችግኝ ቢመረመር፣ ንጹሕ የሆነው ተለይቶ ቢራባ፣ ችኩል ልትተርፍ ትችላለች።

«ቃል አልገባልህም ጋሼ» አለችው።

«ማን ቃል ግቢ አለሽ?» አላት፤ ግን ያን ዕለት ከሰዓት ግድግዳዬ ተመታ። «አንተ ወፍጮ፣ ሰማህ? ልትተርፍ ትችላለች!»

ቤቱ ካስቀመጠው የችኩል ጆንያ ውስጥ የተሻለውን ለቅሞ ሰጣት። ጣቢያው ያለው መረብ ክፍል አርጅቶ ስለነበር ክፈፉን የሠራላቸውም እሱ ነው። ክሽክሽ እንዳይገባ በሩ ድርብ መሆን ነበረበት፤ አንዱ ሳይዘጋ ሌላው የማይከፈት። እንዲህ ያለ በር ሠርቶ አያውቅም። ጣውላውን አራት ጊዜ አፍርሶ ሠራው፣ በዳርቻው ላስቲክ ለጠፈበት፣ ውስጡ ገብቶ ብርሃን የሚያስገባ ቀዳዳ እያደነ ደፈነ። እኔም ልጭንለት አብሬው ሄጄ አይቻለሁ። ልጅቱ የምርመራውን ሥራ አሳየችን፤ ከእያንዳንዱ ችግኝ ቅጠል ቆንጥራ ትፈጨዋለች፣ ፈሳሽ ትጨምርበታለች፤ ቢጫ ከሆነ ታሟል፣ ውኃ ከመሰለ ጤነኛ ነው። «እንግዲህ አንቺም ባለ ወፍጮ ሆነሻል» አልኳት፤ ሳቀች። ሲስቁ ሁለቱ ይመሳሰላሉ።

አብዛኛው ቢጫ ወጣ። ቢጫ የወጣው ችግኝ ወዲያው ይነቀላል። ግን ጥቂቶች ውኃ መሰሉ። ደውላ ስትነግረው ስልኩን ሞተሩ አጠገብ ይዞ መጥቶ፣ አጥፋልኝ ብሎ ጮኾብኝ፣ እንደገና አስነገራት። ከዚያ ወዲያ በጣቢያው መንገድ የሚሄድ መኪና ባገኘ ቁጥር ተሳፍሮ ይሄዳል። ነጭ ካፖርት ያስለብሱታል፣ ጫማውን ያስለውጡታል፤ ገብቶ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያያቸዋል። ምንም አይነካም። ጸጉሩን ተስተካከለ፣ ትርፍ ሥራ መቀበል ጀመረ፣ ባለ ላሞቹ ይቅርታ ሊጠይቅ ሲመጣ «ተወው፣ አልፏል» ብሎ ወንበር ስቦ አስቀመጠው።

አንድ ቀን እህቱ «አበቡ» ብላ ደወለችለት። የያዘውን ሥራ ጥሎ ወጣ። የጫነው ሾፌር እንደነገረኝ ከዋናው መንገድ አውርዶት በሳሩ መሃል አቋርጦ ወደ ጣቢያው ሲሮጥ አይቶታል፤ በዚያ ዕድሜው። ልጅቱ በሩ ላይ ጠበቀችው። ሁለቱም ደስታ አስክሯቸው ካፖርት የሚለብስበትን ነገር ረሱት። እንደመጣ በጃኬቱ ገባ። አበባዎቹን አየ። ጣቢያው ካለው ሌላ ቦሎቄ ሁሉ ቀድመው ነበር ያበቡት።

ሳምንታት አልፈው ልጅቱ ሳትደውል መጣች። ቀትር ነው፤ ሞተሩ ጠፍቶ ምሳዬን እበላለሁ። በእኔ በር በኩል ስታልፍ ሰላም አላለችኝም፤ ሰላም የማትል ልጅ አይደለችም። ጉርሻዬን አስቀምጬ ተነሳሁ። ግድግዳችን ስስ ነው፣ ሁሉም ተሰማኝ።

«ጋሼ፣ ተመልሶ መጣ።»

ከግድግዳው ማዶ መጋዙ ቆመ።

«ከችግኞቹ አንዱ ታሞ ሳለ ሳናውቀው ያለፈን ነበር መሰለኝ፤ መጀመሪያ ሲመረመር አልታየም። በኋላ ክሽክሽ ገባ። ከእሱ ወስዶ ሌሎቹ ላይ አደረሰ። ሁሉንም እንደገና መረመርኳቸው። ሁሉም ቢጫ ነው።»

«ክሽክሹ በየት ገባ?»

«አይታወቅም። መረቡ የሆነ ቦታ ላልቶ ሊሆን ይችላል። ውኃ የሚያጠጣው ሠራተኛ ሊሆን ይችላል። እኔም ልሆን እችላለሁ።»

«እኔስ?»

መዋሸት ትችል ነበር፤ በእሷ ቦታ ብሆን እኔ እዋሽ ነበር። እሷ ግን እሱ ያሳደጋት ልጅ ናት።

«አንተም ልትሆን ትችላለህ ጋሼ። ሳላለብስህ ያስገባሁህ ደግሞ እኔ ነኝ።»

ከዚያ በኋላ የሰማሁት ድምፅ የእሱ ይሁን የእሷ መለየት አልቻልኩም። ሰው ሲያለቅስ ድምፁ የራሱን አይመስልም። ሞተሬን ማስነሳት አማረኝ፤ ሌላ ሰው እንዳይሰማቸው ብዬ። አስነሳሁትም፤ ባዶውን አስፈጨሁት።

ልጅቱ ተስፋ አልቆረጠችም። ከጆንያው ከቀረው እየወሰደች ደጋግማ ዘራች። የቀረው ግን የመጨረሻው ዓመት፣ ከሁሉም የከፋው ዓመት ምርት ነበር። አንድም ውኃ የመሰለ አልወጣም። ከእኛም ከየቤታችን የቀረችውን ለቅመን ሰጠናት፤ እሱም ያው ሆነ። በመጨረሻ ጣቢያው ክፍሉን ለሌላ ሰብል ፈለገው። በሩ አሁንም የአናጢው በር ነው፤ ሌላ ተክል ይጠብቃል።

ከጣቢያው የመጣውን አዲስ ዘር ሁላችንም ዘራን። ጥሩ ነው፣ አይታመምም፣ ፍሬውም ትልልቅ ነው። ክፉ ላወራበት አልችልም። ዝናብ ሲያጥር ግን አይደርስም፤ ያኔ ሁላችንም እርስ በርስ እንተያያለን እንጂ ስሟን የሚያነሳ የለም።

አናጢው ቤት ውስጥ ጥቂት ችኩል ቀርታ ነበር። እህቱ በስልክ «ጋሼ፣ እንዳትዘራት አደራ» ትለዋለች፤ «አልዘራም» ይላታል። እንደማይዘራት ታውቃለች። እሱም ማወቋን ያውቃል። ግን መብላቱ አልሆንለት ብሎ ከረመ። እህቱ ለዕረፍት በመጣች ጊዜ ነው ጠዋት ተነስቶ ውኃ ውስጥ የዘፈዘፋት። እኔንም ጠራኝ። ሲንተከተክ ዋለ። ሦስታችን ወጥ ቤት ውስጥ፣ ድስቱ ዙሪያ፣ በየሰሃናችን ይዘን ተቀመጥን።

ልጅቱ አንድ ማንኪያ ቀመሰችና፣ «በደንብ በስሏል» አለች። «እትዬ ብትሆን ጥሬውን ነበር የምታበላን። ጥርሳችን ላይ እየተንቋቋ “በስሏል፣ ብሉ!” ትለን አልነበር?» ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ ማንኪያው ከእጇ ወደቀ፣ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። «ይቅር በለኝ ጋሼ። አላተረፍኳትም።»

አናጢው ወንበሩን አስጠግቶ ጸጉሯን ዳሰሳት፤ ትልቅ ሴት ናት፣ ሽበት ጣል ጣል አድርጎባታል። «እታለም፣ እንኳን አንቺ፣ ሐኪም ቤቱም አላተረፋት» አለ። ስለ ቦሎቄዋ እንዳልሆነ ሦስታችንም ገብቶናል። «ብዪ፣ ይበርዳል።»

በላን። ድስቱን እሱ ራሱ አጠበው።

እርሻውን ለባለ ላሞቹ ሰጠው። አዲሱን ቦሎቄ ይዘራበታል፤ ምርት ሲደርስ የድርሻውን ያመጣለታል፣ እሱም ሳያየው ተቀብሎ ለጎረቤት ያድላል። በርና መስኮት መሥራቱን አልተወም፤ እጁ አሁንም እጅ ነው። የእኔ ሞተር ሲነሳ ሚስማሮቹ ይጨፍራሉ፤ እኔም ጆሮዬን ወደ ግድግዳው አደርጋለሁ፣ ግን አይመታም። ከቤቱ ወደ ሥራ ቤቱ ሲመጣ በእርሻው መሃል የሚያልፈው መንገድ አጭሩ ነው። እሱ በአስፋልቱ ይዞራል። ዝናብም ቢሆን፣ ጣውላ ተሸክሞም ቢሆን፣ በአስፋልቱ ነው የሚዞረው።